በሬዲዮ የተጠራ ስም

ነገሩ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ነው። ጥሩዬ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ወባ ይዟት ከመጋረጃው ወዲህ ተኝታለች፤ ወይም ተኝታለች ብለው አምነዋል። ከመጋረጃው ወዲያ አባቷ፣ ከጉራጌ አገር ለጥየቃ የመጣው አጎቷና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ወንድሟ ሀብታሙ ይነጋገራሉ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ንግግሩ እየተቆራረጠ ነው የደረሳት። አባቷ «ዓይኔ መርፌ ማየት እምቢ ብሏል፤ የስፌት መኪናው ሰው ይፈልጋል፤ ሁለቱም ከተማሩ ማን ይቀመጥበታል?» ማለቱን ታስታውሳለች። ቀጥሎ የተባለውን ዝናቡ ወሰደው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ሰው «እሷ ትቅር» አለ። ማን እንዳለው አላየችም። የአጎቷ ድምፅ ጎርናና ነው፤ የሀብታሙም ያን ሰሞን እየጎረነነ ነበር። ከወባው ስትነሳ አባቷ ሜትሩን ከራሱ አንገት አውልቆ አንገቷ ላይ አደረገላት። ሰባተኛ ክፍል ከገባች ሦስት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር። «እሷ ትቅር» ያለው አጎቴ ነው ብላ ደመደመች። አጎቷ በሁለተኛው ዓመት ሞተ፤ የሞተን ሰው ይቅር ማለት ደግሞ ይቀላል።

አሁን ጥሩዬ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሏን ቀብራ፣ አንድ ልጇን ድራ፣ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ወደ መናኸሪያ በሚወርደው መንገድ ዳር ከአባቷ በወረሰችው የእግር መኪና ትሰፋለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ከፊት መኪናው፣ የብረት መተኮሻውና ለደንበኛ የተቀመጠ አንድ ወንበር፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ አልጋዋ። ሱሪ ለማሳጠር መቶ ብር ታስከፍላለች፤ ደንበኛው ሲከራከር ሰማንያም ትቀበላለች። ከመኪናው በላይ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ሬዲዮ አለ። ከትምህርት ቤት ስትቀር ያጣችውን ከዚህ ሬዲዮ ነው የለቀመችው። የሕግ ባለሙያ ስለ ውርስ ሲናገር፣ ሐኪም ስለ ደም ግፊት ሲያስረዳ፣ ተራኪ ረጅም ታሪክ በሠላሳ ቀን ሲያነብ፣ እግሯ መርገጫው ላይ፣ ጆሮዋ ከምስማሩ ላይ ሆኖ ኖረ። አዲስ ቃል ስትሰማ የደንበኛ ልክ ከምትመዘግብበት ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ደብተሩን የገለጠ ሰው «ደረት 92፣ እጅጌ 58» ከሚለው ሥር «ይግባኝ» ወይም «ሥነ ምህዳር» ተጽፎ ያገኛል። ስለ ድራማም ማንም ሳያስተምራት ብዙ ነገር ገብቷታል። ሰው መግባቱ በበር ድምፅ እንደሚታወቅ፣ ዝምታም በልክ ካልተቆረጠ እንደሚላላ፣ ክፉ ሰው ክፉ መሆኑን ራሱ እንደማይናገር በማዳመጥ ብዛት ተረዳች።

ባለፈው ዓመት ጾም ሲገባ የራሷን ድራማ ጀመረች። የሱሪ ልክ በምትቆርጥበት ካኪ ወረቀት ጀርባ፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ ብጣሽ በብጣሽ ጻፈችው። ስትጨርስ በደብተር ገለበጠች። ከመንገዱ ማዶ የሸቀጥ ሱቅ ያለው ሽኩር ገጹን ሁሉ በስልኩ አንስቶ ለብሔራዊው ሬዲዮ ላከላት። ሽኩር ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ፣ ሳይቀልድ ሳሙና የማይሸጥ ሰው ነው። ሲልክላትም «ተቀባይነት ካገኘ እኔ ፕሮዲውሰር ነኝ ማለት ነው» ብሏት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ ተደወለ። የዛሬው ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ንግግርና ድራማ ብቻ የሚተላለፍበት ልዩ ቀን ነው፤ የእሷ ድራማ ከአድማጮች ከተላኩት ተመርጦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀርባል ተባለች። ስልኩን እንደዘጋች ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የደንበኛ ኮት ቁልፍ በተቃራኒው ወገን መትከሏን አየችና ሳትናደድ ፈታችው።

ሌላም የምትጠብቀው ነገር አለ። ሰባተኛ ክፍልን በማታ መቀጠል ትፈልጋለች። የማታ ትምህርት ያለው ያኔ ትታው በወጣችው ትምህርት ቤት ነው፤ የስድስተኛ ክፍል ውጤቷም እዚያው መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ወንድሟ ሀብታሙ ነው። ፎርሙ ያለ እሱ ፊርማ አያልፍም። ሦስት ዓመት ጠየቀችው፤ ሦስት ዓመት «እናያለን» አላት። የዘንድሮውን ፎርም ሞልታ ከሰጠችው ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል።

ጸሎቷን አድርሳ ሬዲዮውን ስትከፍት ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነበር። መጀመሪያ በጡረታ ያለች አዋላጅ ስለ አርባ ዓመት ሥራዋ ተናገረች። አንዲት እናት በእርሻ መካከል የወለደችውን ልጅ በራሷ ነጠላ መጠቅለሏን ስትተርክ ጥሩዬ መርገጫውን አቁማ ሰማች። ከዚያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክርክር ቀረበ። ከእሱ ቀጥሎ ዳኛው በየመሃሉ የሚያስልበት የፍርድ ቤት ድራማ ነበር፤ ጥሩዬ ሳሉ የተዋናዩ የራሱ ነው ወይስ የተጻፈ እያለች ስታሰላስል ቆየች። ባትሪ ልትገዛ መንገዱን ስትሻገር ሽኩር መብራት እያለ ለምን መቶ ብር እንደምታቃጥል ጠየቃት። የሶዶን መብራት ለጠዋት ቢያምኑት ለከሰዓት አይታመንም አለችው። እሱ ዛሬ ትልቁን የድምፅ ማጉያ በረንዳ ላይ አውጥቶ መንገዱን በሙሉ ሊያሰማ መወሰኑን፣ ባለቤቱ ዛራ ግን ደንበኛ ታባርራለህ ብላ እንደተቆጣችው ነገራት።

አራት ሰዓት ላይ አባ ጩማ ገቡ። ከገሱባ መንገድ በኩል የሚመጡ የወላይታ ገበሬ ናቸው፤ ነገ የልጃቸው ሠርግ ስለሆነ ሱሪያቸውን ዛሬ ይዘው መሄድ አለባቸው።

«ሳሮ፣ ጥሩዬ» ብለው በወላይትኛ ሰላም አሏት። «ሱሪዬ ደረሰች ወይ?»

ደርሳለች፣ እግሩ ብቻ ቀርቷል አለቻቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ሬዲዮውን አተኩረው አዩት። «ይቺ ሬዲዮ ዛሬ ለምንድነው የማይዘፍነው?»

ጥሩዬ የቀኑን ነገር አስረዳቻቸው፤ የራሷንም ድራማ እያፈረች ጨመረች። አባ ጩማ ሱሪውን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዳትጨርሰው አዘዟት። ከጨረሰችው መኪና ያመልጠኛል ብለው መሄዳቸው ነው፤ ካልጨረሰችው ግን እዚሁ ተቀምጠው የሚሰሙበት ምክንያት አላቸው። ገበያ ዞረው እንደሚመለሱ ተናግረው ወጡ።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ ዕቃዋ ቂጣና ጎመን እየበላች ሳለ፣ ሀብታሙ መጣ። ቅዳሜም ቢሆን ለምዝገባው ከገባበት ትምህርት ቤት ነው የመጣው፤ ጃኬቱን ቆልፏል። ብላ ስትለው በልቻለሁ አለ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወራ። ስለ ጤፍ አወራ፤ ቦዲቲ ገበያ ከዚህ በኩንታል ሦስት መቶ ብር ይቀንሳል የሚባለው እውነት ይሁን አይሁን ጠየቀ። የባለቤቱን የሣራን ጉልበት ሕመም አነሳ። ጥሩዬ መለሰችለት፣ ጠየቀችው፣ ጎመኗን ጨረሰች። በእነሱ ቤት ዋናው ነገር የሚነገረው ሰው ሊሄድ ሲነሳ ነው፤ አባታቸውም እንደዚያ ነበር፤ ሞትም ሠርግም የሚናገረው እጁን በሩ ላይ አድርጎ ነው። ሬዲዮው ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የበረሃ ትዝታውን ይናገራል። ሀብታሙ ተነሳ፤ እጁን በሩ መቃን ላይ አደረገ።

ሣራ ትናንት ማስታወቂያውን ሰምታ ነግራዋለች። ልብስ እንድትሰፋ ከትምህርት ቤት ስለወጣች ልጅ፣ ከወላይታ ሶዶ የተላከ ድራማ ተብሏል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ለሣራ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

«ደውዪላቸው» አለ። «ድራማው አይተላለፍ አላልኩም፤ ይተላለፍ። ስምሽን ግን ይተዉት። አንዲት አድማጭ ይበሉ።»

«ለምን?»

«እኔ በየወላጅ ስብሰባው ሴት ልጆቻችሁን አስተምሩ እያልኩ የምናገር ሰው ነኝ፣ ጥሩዬ። ሰኞ መምህራኑ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የእሷ ፎርም ነው፤ ሁለት ሳምንት ኪሱ ውስጥ ኖሮ እጥፋቱ ቆሽሿል። ወረቀቱን መኪናው ላይ ዘረጋው፤ እስኪርቢቶውንም አወጣ። ደውላ ስሙን ካስቀረች አሁኑኑ ይፈርማል። ጥሩዬ ወረቀቱን አየችው። በራሷ እጅ «ያቋረጡበት ክፍል» በሚለው ፊት 7ኛ ብላ የጻፈችው አለ። ስልኳ ከመቀሱ አጠገብ ነው፤ የአዘጋጁ ቁጥር ውስጡ አለ። አንድ ጊዜ መደወል ብቻ ይበቃል። ለማንም የማይሰማ አጭር ጸሎት አደረገች፤ ልመናም አልነበረም፣ አንተ ታውቃለህ ማለት ብቻ ነበር።

«ስሜ ብቻ ቢሆን ይቅር እልህ ነበር» አለች። «ጥሩዬ ገበየው ነው የሚሉት። አባታችን ቀለም ተወደደ ብሎ ስሙን ከዚህ በር በላይ እንኳ ሳያስጽፍ ነው የሞተው። ዛሬ አገር ይሰማዋል። እኔ አላስቀረውም።»

ሀብታሙ ወረቀቱን በአሮጌው እጥፋት አጠፈውና ኪሱ ከተተው። ደህና ዋይ አላለም። ጥሩዬ በመስኮት ሲሄድ አየችው፤ ትከሻው የአባቷ ትከሻ ነው። ትዕቢት ኃጢአት መሆኑን ከልጅነቷ ጀምራ ሰምታለች፤ ስለዚህ ተቀምጣ ራሷን መረመረች። ሰባተኛ ክፍልን በስም ለወጥኩ ወይ ብላ ጠየቀች። ደረቷ ውስጥ ያለው ግን ትዕቢት አልመሰላትም፤ ከምስጋና ጋር የሚዛመድ ነገር ነው። ፎርሙ ትዝ ሲላት ግን እንባዋ መጣ፤ በደንበኛ ጨርቅ ላይ እንዳይንጠባጠብ በክርኗ ጠረገችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አባ ጩማ አንድ ትልቅ የቆጮ ጥቅል ይዘው ተመለሱ። ሽኩር ማጉያውን በረንዳው ላይ ሰቅሏል፤ ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች፣ ሙዝ የምትሸጥ ሴት፣ ከፀጉር ቤቱ ደግሞ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ሰው ሳይቀር በሱቁ ደጃፍ ቆመዋል። ዛራም ደንበኛ ማባረሩን ረስታ ወንበር ታወጣለች። የሰዓቱ ደወል ሲያበቃ የአቅራቢዋ ድምፅ መጣ። ቀጣዩ ድራማ ከወላይታ ሶዶ፣ በልብስ ስፌት ከምትተዳደር አድማጭ መላኩን ተናገረች። «ደራሲ፣ ጥሩዬ ገበየው» አለች። ስሙ ምስማሩ ላይ ካለው ሬዲዮና ከማዶው ማጉያ እኩል ወጣ፤ መንገዱ ላይ ተጋጨ። ጥሩዬ ክር ልታስገባ የያዘችውን መርፌ ይዛ ቀረች።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። ማጉያው ዝም አለ፤ ከማዶ የቅሬታ ድምፅ ተሰማ። ሽኩር «ወደ ባትሪው!» ብሎ መንገዱን ተሻገረ፤ የቆመው ሰው ሁሉ ተከተለው። የጥሩዬ ደጃፍ ሞላ፤ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠውም ከነፎጣው መጣ። ሬዲዮው ውስጥ የእግር መኪና ይረገጣል። የእሷ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለ፣ የማታውቀው ሰው እሷ በካኪ ወረቀት ላይ «መኪናው ይሰማል» ብላ ስለጻፈች የረገጠው ነው። የማታውቃቸው ድምፆች እሷ ያወጣችላቸውን ቃል አንድ በአንድ ይናገራሉ። አባትየው ዓይኑ መድከሙን ተናገረ። ዝናብ ዘነበ። ከመጋረጃው ወዲህ ልጅቷ ስታቃስት ይሰማል። ዝምታው በልክ የተቆረጠ ነበር። ከዚያ የወንድምየው ድምፅ መጣ፤ ገና መጎርነን የጀመረ ድምፅ ነው።

«እኔ ልቅር። እኔ ብቀር ነገ እደርስበታለሁ፤ እሷ ግን ከወጣች አትመለስም።»

ጥሩዬ ድራማውን ስትጽፍ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ሁለት ሳምንት ቆማ ነበር። የሆነውን ልትጽፍ ብላ የሆነውን በእርግጠኝነት አላወቀችም፤ ስለዚህ ሊሆን ይገባ የነበረውን ጻፈች። ድራማው ውስጥ አጎትየው ሲያስብ ቆይቶ፣ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር መሆኑን ያስታውሳቸዋል። ወንድምየው የጠዋት፣ እህትየው የከሰዓት ተማሪ ይሆናሉ፤ መኪናው ላይ ይቀያየራሉ። አንዱ ሲነሳ የሌላው እግር መርገጫውን ሳይበርድ ይይዘዋል። በዚያ ድምፅ ያበቃል። ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። ሙዝ ሻጯ ይሄማ ቀላል ነበር እኮ ብላ ለራሷ ተናገረች። ሽኩር ከእንግዲህ ሱሪ ለማሳጠር በቀጠሮ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ሰዉ ሳቀ፤ እሱ ግን ዓይኑን በእጅጌው ነካ ሲያደርግ ዛራ አየችው። ሬዲዮው ላይ ሰዎች መደወል ጀመሩ፤ አንድ አባት የሁለት ልጆቹን ስም ጠርቶ ዝም ሲል አቅራቢዋ ታገሰችው። አባ ጩማ ሱሪያቸውን ተቀብለው ዋጋውን ሳይከራከሩ ከፈሉ። ከመሄዳቸው በፊት እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው በወላይትኛ ፈጠን ብለው መረቋት፤ ከምርቃቱ የለየችው «ሎዖ» የሚለውን ብቻ ነው፤ መልካም ማለት ነው።

አሥር ተኩል ላይ፣ ደጃፉ ባዶ ሆኖ መኪናውን ዘይት ስትቀባ ሀብታሙ ተመልሶ መጣ። አሁን በሩ ላይ አልቆመም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጃኬቱንም ፈታ። ስለ ዋጋም ምንም አላነሳ።

ቀስ ብሎ ነገራት። ከእሷ ወጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ዝም ብሎ ከተማውን ዞረ። ወደ ቤቱ የሚወስደው ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ሹፌሩ ቶማ፣ ድሮ ያስተማረው ልጅ ነው፣ ሬዲዮውን ከፍቷል። መውረድ ፈልጎ ነበር፤ ግን ሁለት ሴቶች ከዳር ይዘውታል። ድራማው ሲጀምር ቶማ አደባባዩ ጋ ዳር ይዞ ቆመ፤ አንደኛዋ ሴት ቸኩላ ስትነዘንዝ ሁለተኛዋ ዝም አሰኘቻት። ሀብታሙ ጉልበቱን አቅፎ ስሙ እስኪሰደብ ጠበቀ። ከዚያ ልጁ «እኔ ልቅር» አለ።

«ሴትየዋ አለቀሰች» አለ። «እንዲህ ያለ ወንድም ያሳደገ ቤት ይባረክ ብላ መረቀች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ጥሩዬ። ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል። አሜን ማለት አቃተኝ።»

ጥሩዬ የዘይት ጨርቁን አስቀመጠች።

«ያን ቀን እሷ ትቅር ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሬዲዮው ውስጥ የሕፃናት ድራማ ተጀምሯል፤ አንድ ሕፃን ዝንጀሮ ሆኖ ይጮኻል።

«አጎታችን ነው ብዬ ነበር» አለች።

«እሱማ ስለ አንቺ ለመነ። አባባ ነው ዝም በል ያለው።»

ጥሩዬን ያላሰበችው ትንሽ ሳቅ አመለጣት። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጥፋት የሌለበትን ሰው ይቅር ስል ኖርኩ በለኛ።» ሳቋ ሲያበቃ አጎቷ በመጨረሻው ጥየቃው ፊቷን ብዙ ጊዜ አተኩሮ ማየቱ፣ እሷም ፊቷን ማዞሯ ታወሳት። ነገ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ስሙን እንደምታነሳ ለራሷ ነገረች።

ሀብታሙ ለምን እንደዚያ አድርጋ እንደጻፈችው ጠየቃት፤ ብትሰድበው ይቀለው እንደነበር አልደበቀም።

«ዛሬ ከመጋረጃ ወዲያ እንደዚያ የሚነጋገሩ ሰዎች አሉ» አለች። «ወንድምየው ምን ማለት እንደሚችል ይስማ ብዬ ነው። አንተን ለማሳማት አልጻፍኩም።»

እሱ ወለሉን እያየ ቆየ፤ ወለሉ ላይ የአባ ጩማ ሱሪ ቁርጥራጭ አለ። ከዚያ ፎርሙን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ፈረመ። እስኪርቢቶው አንድ ቦታ ወረቀቱን ቀደደው። ማኅተሙ ቢሮ ስለሆነ ሰኞ እንደሚመታላት ነገራት። በኋለኛው በር፣ በጥበቃው ቤት በኩል፣ ተማሪዎቹ ክፍል ከገቡ በኋላ ብትመጣ ማንም ሳያስቸግራት ትጨርሳለች፤ እሱ ቢሮ ይጠብቃታል።

ጥሩዬ ፎርሙን ተቀብላ ፊርማውን አየች። አመሰገነችው፤ ምስጋናዋም የልብ ነበር። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ እየጠቀለለች፣ በኋለኛው በር እንደማትገባ፣ ፊርማ ብቻ ከሆነ ለሌላ ዓመት መጠበቅ እንደምትችል ነገረችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሰባተኛ ክፍል ድረስ የሚያደርሳት ሰው እንደምትፈልግ፣ ክፍሉ ፊት ቆሞም እህቴ ናት እንዲል እንደምትፈልግ ተናገረች። መምህራኑ ያያሉ አላት። ያያሉ አለችው። በማታው ክፍል ውስጥ፣ ሴት ልጆቻችሁን አስተምሩ እያለ እሱ ራሱ የሚመክራቸው ወላጆች እንዳሉ አስታወሳት። እነሱም ይስሙ አለችው። ሀብታሙ ተነሳ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ እጁን መቃኑ ላይ አደረገና መንገዱን እያየ ቆመ፤ ማዶ ሽኩር ማጉያውን ሲያወርድ እጁን አውለበለበለት፤ እሱም ትንሽ ዘግይቶ አጸፋውን መለሰ። ፊቱን ሳያዞር፣ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስዳት፣ በዋናው መንገድ በእግራቸው ሄደው በፊተኛው በር አብረው ሊገቡ፣ ክፍሉ ፊትም ቆሞ እንዳለችው ሊናገር ተስማማ።